«ሙሉ ወጪው ተሸፍኗል» የተባለው ዕድል ከሻኪሶ ሲታይ

ለክቡር ፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋ
የትምህርት ሚኒስትር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ለውጭ አገር ከፍተኛ ትምህርት ማመልከት የሚፈልጉ የሩቅ ከተማ ልጆችን ይመለከታል

ክቡር ሚኒስትር፣

አስቀድሜ ላመስግን። የ12ኛ ክፍል ፈተና ከኩረጃ እንዲጸዳ ያደረጉት ጥረት እዚህ ጉጂም ይታወቃል። በ2014 ዓ.ም. 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ብዙ ወላጅ አስደንግጧል። እኔ ግን መምህር ነኝና ከሚያስደስት ሐሰት የሚያም እውነት ይሻለኛል። የምጽፍልዎ ያንን ወንፊት በራሳቸው ጉልበት ስላለፉት የሻኪሶ ልጆች ነው።

ከእነዚህ መካከል ውጭ ሄደው መማር የሚሹ አሉ። ዕድሉም አለ፤ ቻይና፣ ቱርክ፣ ሃንጋሪ፣ ጀርመንና ደቡብ ኮሪያ ነፃ የትምህርት ዕድል ይሰጣሉ። ማስታወቂያው «ሙሉ ወጪው ተሸፍኗል» ይላል። የሚሸፈነው ግን ከተመረጡ በኋላ ያለው ነው። እስከዚያ ድረስ ፓስፖርቱ፣ የትራንስክሪፕት ማረጋገጫው፣ የእንግሊዝኛ ቋንቋ ፈተናው (አይኤልትስ ወይም ቶፍል) በቤተሰብ ኪስ ነው። ዶላር ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ከእጥፍ በላይ ስለተወደደ፣ በዶላር የሚከፈል ፈተናም አብሮ ተሰቅሏል።

ሰነድ ለመጨረስ የሚኬድበት አዲስ አበባ ከሻኪሶ ወደ 500 ኪሎ ሜትር ነው። እዚያው ላደገ ልጅ «ነገ ተመለስ» ሲባል ወጪው የታክሲ ነው። ለእኛ ልጅ የአልቤርጎ አዳር ነው፤ የጎደለው ማኅተም ከትምህርት ቤቱ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ ሌላ ደርሶ መልስ። አባቱ ወርቅ አጣቢ ከሆነ የነገ ገቢውን አያውቅም፤ ቡና ገበሬ ከሆነ ገንዘብ የሚያየው ቡና ሲደርስ ነው። የማመልከቻው ቀን ግን ማንንም አይጠብቅም። በዚህ መሐል የሚገባው «ሁሉንም እኔ እጨርስልሃለሁ» የሚል ደላላ ነው።

ለምን ውጭ ድረስ ይባል ይሆናል። በ2010 ዓ.ም. እዚሁ አካባቢያችን ባለው የለገደንቢ ወርቅ ማውጫ ምክንያት ሕዝቡ የጤናና የአካባቢ ብክለት ጥያቄ አንሥቶ ሥራው ሲቋረጥ፣ ውሃውንና አፈሩን መርምሮ ውጤቱን ለእናቶች በአፋን ኦሮሞ የሚያስረዳ የአካባቢው ተወላጅ ስንት ነበር? ወርቃችንና ቡናችን ባሕር ከተሻገሩ ቆይተዋል። የሁለቱንም ሳይንስ በጥልቀት የተማረ ልጅ ግን ገና ያስፈልገናል።

መንግሥት ከፈለገ እንደሚችል ታሪካችን ያሳያል። በ1970ዎቹ ወደ ኩባ የተላኩት በሺዎች የሚቆጠሩ ልጆች፣ ብዙዎቹም በሱማሌ ጦርነት አባቶቻቸውን ያጡ፣ ሰነድ ፍለጋ በየቢሮው አልዞሩም። መንግሥት ራሱ ሰብስቦ ወሰዳቸው፤ ከመካከላቸውም ሐኪሞችም መሐንዲሶችም ወጥተዋል። እንደ እኛ ቡና ላኪ የሆነችው ቬትናምም እ.ኤ.አ. በ2000 በመንግሥት በጀት ሰው ወደ ውጭ ልኮ የማስተማር ፕሮግራም ጀምራለች። የእኛ ልጆች ያን ያህል እንኳ አልጠየቁም፤ ገንዘቡን ሌላ አገር ይከፍላል፤ የጎደለው እስከ በሩ የሚያደርሰው መንገድ ነው።

«የሄደ አይመለስም» የሚለውን ስጋት አውቀዋለሁ፤ ከፊሉም እውነት ነው። ሆኖም የዋና ከተማው ልጅ ሲሄድ ያልተነሣ ስጋት የሻኪሶው ሲሄድ ሊነሣ አይገባም። እርስዎም ኢኮኖሚክስ አሜሪካ ተምረው፣ እዚያም አስተምረው፣ ዛሬ የአገሪቱን ትምህርት ይመራሉ።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንጠይቃለን።

አንደኛ፣ በመንግሥታት ስምምነት የሚመጡ ዕድሎች ማስታወቂያ በዞንና በወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤቶች በኩል ቢያንስ ሁለት ወር ቀደም ብሎ ይለጠፍ። እንደ ሃንጋሪው ዕድል የላኪው አገር ዕጩነት በሚጠየቅበት ጊዜም ስንቱ ከየትኛው ክልልና ዞን እንደታጨ ይታተም።

ሁለተኛ፣ በ2017 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሥራ የጀመረው መሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎት እስከ ጉጂ ይዝለቅ፤ ሲዘልቅም የትምህርት ሰነድ ማረጋገጥን ይዞ ይምጣ።

ሦስተኛ፣ ጥሩ ውጤት ላላቸውና አቅም ለሌላቸው አመልካቾች የቋንቋ ፈተና ክፍያ የሚሸፍን ፈንድ ይቋቋም። ከአካባቢው ወርቅ የሚገኘው ገቢ ለዚህ ጥቂት ቢመደብለት የሚጎዳ የለም።

ክቡር ሚኒስትር፣ የልጆቻችንን ብቃት የእርስዎ ፈተና መዝኖታል። ከዚያ በኋላ የወላጃቸው ኪስ ዳግመኛ ሊመዝናቸው አይገባም። ከሦስቱ የትኛው እንደሚቻል፣ የትኛው እንደማይቻልና ምክንያቱን የመጪው ዓመት ማመልከቻ ከመከፈቱ በፊት በይፋ እንዲነግሩን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር
አንድ የሻኪሶ መምህር