ወረቀቱማ ግድግዳ ላይ ነው

«ፓተንት ካገኘማ ምን ቀረው ጋሼ? ተቀምጦ ብሩን መቁጠር ነው እንጂ!»

እንዲህ ያለኝ ዲላ ከተማ፣ ከሥራ መልስ ቡና በምጠጣባት ቤት አጠገቤ የተቀመጠ ወጣት ነው። በስልኩ የሚያየው ስለ ወልቂጤው ልጅ ስለ ኢዘዲን ካሚል የተሠራ የቆየ ዘገባ ነበር። ታስታውሱት ይሆናል። መጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና አገራችን ገብቶ ሁላችንም እጃችንን ስንታጠብ በምንውልበት ሰሞን፣ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ የነበረው ኢዘዲን እጅ ሳይነካው ሳሙና የሚሰጥ መሣሪያ ሠርቶ ስሙ ከአገር አልፎ ተሰማ። ለሕክምናውም፣ ለጥንቃቄውም፣ ለቤቱም የሚሆኑት የፈጠራ ሥራዎቹ ከ30 በላይ እንደሆኑ፣ 13ቱም ፓተንት እንዳገኙ ያኔ ተዘገበ። አጨበጨብን። በማጨብጨብማ ማን ይችለናል!

ለወጣቱ የሰጠሁት መልስ አልጣመውም፤ እናንተንም ላይጥማችሁ ይችላል። ፓተንት ገንዘብ አይደለም፤ ገበያም አይደለም። አዋጅ ቁጥር 123/1987ን ያነበበ ሰው እንደሚያውቀው፣ ሕጉ ለፈጣሪው የሚሰጠው ሌላው ያለ ፈቃዱ ዕቃውን እንዳይሠራና እንዳይሸጥ የመከልከል መብት ነው። የመከልከል! የሚገዛ ሳይኖር ማንን ይከለክላል? ያውም ዕድሜው የተቆጠረ ነው፤ አዋጁ የሰጠው 15 ዓመት፣ ፈጠራው አገር ውስጥ በሚገባ ሥራ ላይ መዋሉ ሲረጋገጥ ደግሞ ሌላ 5 ዓመት ነው። ለአነስተኛ ፈጠራ የሚሰጠው ሠርተፊኬት ከዚህም ያጥራል፤ 5 ዓመት ሆኖ ለሌላ 5 ዓመት ቢታደስ ነው። መብቱን ለማቆየት የሚከፈል ክፍያም አለ። እንግዲህ ዕቃው ሳይሸጥ ወረቀቱ ግድግዳ ላይ በተሰቀለ ቁጥር ፈጣሪው ከፋይ እንጂ ተከፋይ አይደለም።

ወጣቱ ግን በዋዛ የሚረታ አልነበረም። «መንግሥት አጣርቶ አይደል የሚሰጠው? ጥሩ ባይሆን ይሰጠው ነበር?» አለኝ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የፓተንት መርማሪ የሚጠይቀው ነገሩ አዲስ ነው ወይ፣ የፈጠራ ብቃት አለው ወይ፣ በኢንዱስትሪ ሊሠራ ይችላል ወይ ብሎ ነው። በሽተኛ ላይ ሲውል ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል የሚለው የሌላ መሥሪያ ቤት ጉዳይ ነው፤ የሕክምና መሣሪያን የሚቆጣጠረው የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው። ሐኪሙ «ያልተፈተነ መሣሪያ ሕመምተኛዬ ላይ አልሞክርም» ቢል እኔም ከሐኪሙ ጋር ነኝ። ግን ፈተናውን ማን ያስፈትን? ከአባቱ ኪስ የትምህርት ቤት ክፍያ የሚጠብቅ ልጅ ነው የላቦራቶሪውን ወጪ የሚችለው?

ወልቂጤና ዲላ የተራራቁ ከተሞች ናቸው፤ የእንሰት አገርነት ግን ያገናኛቸዋል። ስለዚህ ነገሩን ወደ ራሳችን ጓሮ ላምጣው። ከዲላ ወደ ቡሌ ደጋ የወጣ ሰው፣ እናቶች መሬት ላይ ተቀምጠው፣ የእንሰቱን ግንድ ልጣጭ ዘንበል ባለ ጣውላ ላይ በእግራቸው ረግጠው ይዘው፣ ጎንበስ ቀና እያሉ ሲፍቁ ያያል። አያቶቻቸውም እንዲሁ ይፍቁ ነበር። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ እንደ ማንም የአካባቢው ሰው ደስ ብሎኛል። ቅርሱን ያቆየችው ሴት ወገብ ግን በምዝገባ አይቀናም። የእንሰት መፋቂያ መሣሪያማ በየዩኒቨርሲቲውና በየምርምር ማዕከሉ ስንት ጊዜ ተሠርቷል! እኔ በኤግዚቢሽን አይቼዋለሁ። በጓሮ ግን አላየሁትም።

አንድ የማውቀው ብረት በያጅ በእጅ የሚዞር መፋቂያ ሠርቶ፣ አዝሎ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄደ። ሰዎቹ አመስግነውታል፤ ፎቶም ተነሥተዋል። ይግዙት ዘንድ ሲጠይቅ ግን ጨረታ እንዲጠብቅ ተነገረው። ለጨረታው ደግሞ ንግድ ፈቃድ፣ የግብር ምዝገባ፣ የጨረታ ማስከበሪያና ከዚህ ቀደም ያቀረበበት የሥራ ልምድ ያስፈልጋል። በዓለም ላይ አንድ ብቻ ላለ ዕቃ የአቅርቦት ልምድ ከየት ይመጣል? (ይህን ጥያቄ ሲያቀርብ ሳቁበት አሉ።)

«ድሃ አገር ናት፤ ምን ታድርግ?» የሚለኝ አይጠፋም። ይህንንስ አልቀበልም። የዚሁ የጌዴኦ ይርጋጨፌ ምስክሬ ነው። በ1997 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የይርጋጨፌን፣ የሲዳሞንና የሐረርን ስም በአሜሪካ የንግድ ምልክት አድርጋ ለማስመዝገብ አመለከተች። የአሜሪካ ቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ፤ ከስታርባክስም ጋር ጭቅጭቁ ዓለም ያወቀው ሆነ። መንግሥት ጠበቃ አቆመ፣ ተከራከረ፣ በሰኔ 1999 ዓ.ም. ከኩባንያው ጋር ተፈራረመ። ያን ጊዜ የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት ከተቋቋመ ገና 4 ዓመቱ ነበር። ድህነታችን ያኔም ነበረ። ልዩነቱ ያን ጊዜ መሥሪያ ቤቱ ወረቀት ሰጥቶ አለመቀመጡ ነው፤ ወረቀቱን ይዞ ገዢው ደጅ ድረስ ሄደ። ለኢዘዲንና ለመሰሎቹስ ገዢ ደጅ አብሮ የሚሄድ ማን ነው?

የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። ለሽልማት ሥነ ሥርዓትና ለባነር ከሚወጣው ገንዘብ ቀንሱና ከእያንዳንዱ ተሸላሚ ዕቃ አሥር አሥር ግዙ። ሆስፒታሉ፣ ትምህርት ቤቱ፣ የገበሬ ማኅበሩ አንድ ዓመት ይሥሩበት። የተሰበረው ይሰበር፤ የማይረባውም በግልጽ አይረባም ይባል። «አይረባም» መባል ለፈጣሪ ከጭብጨባ ይሻለዋል፤ ቢያንስ የቱን እንደሚያሻሽል ያውቃል።

በያጁ ወዳጄ መፋቂያውን ከሱቁ በር ጀርባ አቁሞታል። ብረቱን ፈታቶ ለመስኮት ፍርግርግ ሊያውለው እንደሆነ ባለፈው ሳምንት ነግሮኛል። ከዞኑ መሥሪያ ቤቶችም ሆነ ከዩኒቨርሲቲው «እስቲ አምስት ሠርተህ አምጣ» የሚለው ካለ፣ ሱቁን እኔው መርቼ አሳያለሁ።