እስክስታ የስብሰባ መክፈቻ ብቻ ነው እንዴ?

«እስክስታ ምኑ ይብራራል? አይቶ መደሰት ነው» የሚሉ አሉ። አልስማማም። ህንድ ውስጥ በ1977 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው «ስፒክ ማኬ» የባራታናትያም ተወዛዋዦችን ትምህርት ቤት ድረስ ይወስዳል፤ ተወዛዋዧ የእጇን ምልክቶች ለተማሪው ታስረዳለች፣ ትጨፍራለችም። እኛስ? አምባሰልና ባቲ የተባሉት ቅኝቶች በስም የሚጠሩት እኮ እዚሁ ደሴና ኮምቦልቻ አጠገብ ባሉ አገሮች ነው! ማሪቱ ለገሠ የዘፈነችበት የወሎ ላሊበላ ኪነትም የዚሁ ምድር ነው። ተወዛዋዦቻችን ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚፈለጉት ባለሥልጣን ሲመጣ ነው፤ ሦስት ደቂቃ እስክስታ መትተው ይወርዳሉ፣ ከዚያ ንግግሩ ይቀጥላል (እሱ እንኳ ሦስት ደቂቃ አይበቃውም)። አንድ ሰው ማይክ ይዞ «ይሄ ባቲ ነው፣ ይሄ ደግሞ አንቺሆዬ፤ ልዩነቱን ስሙት» ቢል ምን ይጎዳል? የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኛስ ከፈረቃ ስትወጣ ይህን ማየት አይገባትም? በጀት የለም አትበሉን፤ ለአንድ ማሲንቆና ለሁለት ተወዛዋዥ የትምህርት ቤት ሜዳ ይበቃል።