የተደፈነ ጉድጓድ ሁሉ የተደበቀ ነዳጅ አይደለም

«ኦጋዴን ላይ ነዳጅ አግኝተው በሲሚንቶ ደፍነውት ሄዱ።» ይህቺን ወሬ ያልሰማ ያለ አይመስለኝም። ታክሲ ውስጥ፣ ለቅሶ ቤት፣ አሁን ደግሞ ቲክቶክ ላይ። የሚያወራው ሰው ደግሞ ጉድጓዱን በዓይኑ ያየ አንድ ዘመድ አያጣም።

ሲሚንቶው እውነት ነው። ግን ምንም ያልተገኘበት ጉድጓድም በሲሚንቶ ይደፈናል፤ የትም አገር ሥራው ይሄው ነው። ክፍት ከተተወ ጋዝና ጨዋማ ውኃ ሽቅብ ወጥቶ ሰው የሚጠጣውን ውኃ ሊበክል ይችላል።

ከዚህ የባሰው «በመሣሪያ አይተውታል» የሚለው ነው። ምኑን አዩት? በሳይዝሚክ ጥናት ከባድ መኪና መሬቱን ያንቀጠቅጣል፣ በመስመር የተደረደሩ ጂኦፎኖች ከታች የሚመለሰውን ማሚቶ ይቀበላሉ። ግንበኛ ግድግዳውን መታ መታ አድርጎ ባዶውን ቦታ እንደሚለየው በሉት። ማሚቶው የሚመጣው የዓለቱ ጠባይ ከሚቀየርበት ቦታ ስለሆነ የምናገኘው ቅርጽ ነው፦ ንብርብሩ የት እንደ ጉልላት እንዳበጠ፣ የት እንደተሰበረ። ጉልላቱ ውስጥ ዘይት ይኑር ውኃ፣ አብዛኛውን ጊዜ አይነግረንም። ጋዝ አንዳንዴ ደምቆ ይታያል። ግን (ተማሪዎቼ የነበራችሁ እዚህ ላይ እንዴት እንደምጮህ ታስታውሳላችሁ) ውኃ ውስጥ የተቀላቀለች ጥቂት ጋዝም ለገበያ የሚበቃውን ያህል ልታደምቀው ትችላለች።

አላስካ ባሕር ላይ እ.ኤ.አ. በ1983 የተቆፈረውን ሙክሉክን ተመልከቱ። ምስሉ ላይ ግዙፍ ጉልላት ነበር። ኩባንያዎች ለሊዝና ለቁፋሮ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ አፈሰሱበት። ሲቆፈር የተገኘው ዓለቱ ላይ የቀረ የዘይት እድፍ ነው፤ ዘይቱ ድሮ ሾልኮ ሄዷል። ጉልላቱ ግን ልክ እንደታየው እዚያው ነበር።

የእኛን ካሉብንም ያረጋገጠው መሰርሰሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የአሜሪካው ቴኔኮ ቆፍሮ ጋዝ አገኘ፣ በደርግ ጊዜ ሶቪየቶች ተጨማሪ ጉድጓዶች ቆፈሩ። የደበቀው የለም። ጋዙ ለአሥርት ዓመታት እዚያው የተቀመጠው ቧንቧ፣ ገንዘብ፣ ገዢና ሰላም በአንድ ጊዜ አልገጥም ስላሉት ነው። ሰኔ 2010 ሂላላ ላይ ድፍድፍ ነዳጅ በሙከራ ማውጣት ተጀመረ ሲባል፣ ብዙ ሰው «ሙከራ» የምትለዋን ቃል ዘሎ ጨፈረ። አልፈርድበትም።

ወሬውን ሰምቶ «ሕዝቡ ስላልተማረ ነው» ብሎ መሳቅ ግን አልወድም። ሕዝቡ ምን አይቶ ይመን? ኖርዌይ ውስጥ የጉድጓድ መረጃ በአብዛኛው ከ2 ዓመት በኋላ ይፋ ይሆናል። እኔ ክፍል ውስጥ ያስተማርኩት በኔዘርላንድ የሰሜን ባሕር ብሎክ፣ ኤፍ3 በሚባለው መረጃ ነው፤ ማንም በነፃ ያወርደዋላ። የእኛ የጂኦፊዚክስ ተማሪ ደብዳቤ ይዞ በር ካላንኳኳ በስተቀር የሰሜን ባሕርን ንብርብር በቃሉ ሸምድዶ፣ የካሉብን አንዲት መስመር ሳያይ ይመረቃል። ይሄ ያናድደኛል።

ሁሉም ይከፈት አላልኩም። ኩባንያ ዛሬ በገንዘቡ ያሠራው ጥናት ምስጢሩ ይጠበቅለት። የቴኔኮና የሶቪየት ዘመን መስመሮችና የጉድጓድ መዛግብት ግን ይሄን ሁሉ ዓመት ቆይተው ቢከፈቱ ማንን ይጎዳሉ? የድሮ መረጃ በዛሬ ኮምፒውተር እንደገና ሲቀናበር ያኔ ያልታየ ስብራት ሊያሳይ ይችላል። ለስንት ልጅ የመመረቂያ ጽሑፍ ይወጣዋል!

በየዩኒቨርሲቲው የምታስተምሩ የድሮ ተማሪዎቼ፣ በዲፓርትመንታችሁ ስም ለማዕድን ሚኒስቴር ጥያቄ ጻፉ። ረቂቁን ላኩልኝ፣ አብሬ እፈርማለሁ።