በመንገድ ዳር የተዘነጋ ሀብት

«በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቈጠራል» የሚለው ተረት ለከተማም ይሠራል። ከአዲስ አበባ ወደ አምቦና ወደ ነቀምት የሚወስደው አውራ ጎዳና በየቀኑ ብዙ መኪና ያመላልሳል። እህልና የአምቦ ውሃ የጫነው፣ መንገደኛም የያዘው ሁሉ ሆለታን አልፎ፣ ከአዲስ አበባ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ሲርቅ አዲስ ዓለም ከተማ ይደርሳል። ነገር ግን አብዛኛው ፍጥነቱን ቀንሶ ያልፋል እንጂ አይቆምም። በስተኮረብታው ያለው ጥንታዊ ሰፈር ግን ሊታይ የሚገባው ነው።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ. ም. ከተቈረቈረች በኋላ ሕዝቧ እየበዛ ሄደ፤ የአካባቢውም ደን ለማገዶና ለቤት ሥራ ተጨፍጭፎ ተመናመነ። ስለዚህ ዳግማዊ ምኒልክ በ1893 ዓ. ም. ገደማ መናገሻቸውን ወደ ምዕራብ ለማዛወር አስበው፣ በኮረብታው ላይ ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀመሩ። ከአዲስ አበባ እስከዚያ የተዘረጋውም መንገድ በአገሪቱ ከተሠሩት ከመጀመሪያዎቹ ዘመናዊ መንገዶች አንዱ ነው። ይሁን እንጂ ከባሕር ማዶ የመጣው ባሕር ዛፍ ቶሎ እያደገ የማገዶውን ችግር አቃለለ፤ የውጭ መንግሥታት መልእክተኞችም ብዙ ገንዘብ ያወጡበትን ቤት ትተው መሄድን አልወደዱም። በዚህ ምክንያት ዐሳቡ ቀረ፤ ለቤተ መንግሥት የተጀመረውም ሕንፃ የእመቤታችን የቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። እንግዲህ የማገዶ እጦት ለመናገሻነት ያጫትን ከተማ፣ የማገዶ መገኘት ከመናገሻነት አስቀራት። የገበያን ነገር ለሚያስተውል ነጋዴ ከዚህ የበለጠ ትምህርት የሚሰጥ ታሪክ በጥቂቱ ነው።

«ታሪክ እንጀራ አይሆንም» የሚሉ አይታጡም። የሐረር ከተማ ግን መልስ ትሰጣቸዋለች። ጀጎል በ1998 ዓ. ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ የገባው ከነነዋሪው፣ ከነገበያውና ከነቤቶቹ ነው፤ ከጥንታውያን የሐረሪ ቤቶችም አንዳንዶቹ እንግዳ ተቀብለው ባለቤቶቻቸውን ይጠቅማሉ። አዲስ ዓለም ሐረርን አታህልም፤ ነገር ግን ለዋናው ከተማ ያላት ቅርበት ትልቅ ካፒታል ነው። ማለዳ የተነሣ እንግዳ ጎብኝቶ፣ ምሳውን በልቶ፣ ሳይመሽ ቤቱ ይገባል።

ሥራው ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። የከተማው ነጋዴዎች ንጹሕ ምግብ ቤት፣ ንጹሕ መጸዳጃና የመኪና ማቆሚያ ያሰናዱ፤ በአውራ ጎዳናው ዳር ኮረብታውን የሚያመለክት ጥሩ ሰሌዳ ይትከሉ። የአውቶቡስ ባለቤቶችና የጉዞ ወኪሎች የአንድ ሰዓት ዕረፍት እዚያ ያድርጉ። የቤተ ክርስቲያኑን ሥርዐት አውቀው እንግዳን በትሕትና የሚመሩ የአካባቢው ወጣቶችም ይሠልጥኑ፤ ቦታው በመጀመሪያ የጸሎት ቤት መሆኑ አይዘንጋ።

ይህ ሳይሆን ቢቀር ጉዳቱ የገቢ ብቻ አይደለም። ከአሮጌ ቤቱ አንድም ጥቅም ያላገኘ ባለቤት ነገ አፍርሶ በብሎኬት ቢሠራው ሊፈረድበት አይችልም። የፈረሰውን ደግሞ በምንም ዋጋ መልሶ መግዛት አይቻልም። ስለዚህ የጥንቱ ሰፈር እንዲቆም የሚሻ ሁሉ አስቀድሞ እዚያ ለሚኖረው ሰው እንጀራ እንዲሆነው ያድርግ።