የእናት ጌጥ ከመሸጡ በፊት

ከሣጥን ሥር የተቀመጠ ጠገራ ብር፣ ከአያት የወረደ ድሪ ወይም የአንገት መስቀል በብዙ ቤተ ሰብ ዘንድ ይገኛል። የልጅ ትምህርት ወይም የሕመምተኛ መድኃኒት ሲያስጨንቅ በቅድሚያ ወደ ገበያ የሚወጣውም ይኸው ነው። የሚያሳዝነው ግን ገዢው ዕቃውን አውቆ ሲመጣ፣ ሻጭዋ እናት ብዙውን ጊዜ ሳታውቀው መሸጧ ነው።

የባሕር ዳርና የጎንደር መንገድ ከደብረ ታቦሩ መንገድ ጋር በሚገናኝባት በወረታ፣ ሩዝ የሚሸጥ ሰው ሚዛኑን ሳያይ እህሉን አያስረክብም። የፎገራ ላም የሚገዛም ጥርሷንና ጡቷን ይመለከታል፤ የእናቷንም ወተት ይጠይቃል። ታዲያ ለላሚቱና ለሩዙ የምናደርገውን ጥንቃቄ ለእናታችን ጌጥ ስለምን እንነፍገዋለን?

በመጀመሪያ ዕድሜውን እንመልከት። በማርትሬዛ ጠገራ ብር ላይ 1780 የሚል ዓመት ይነበባል። ይህ የኦስትሪያዋ ገዢ ማሪያ ቴሬዛ የሞተችበት ዓመት ነው። ከዚያ ወዲህ ብሩ ዓመቱ ሳይለወጥ በቪየና፣ እ.ኤ.አ. ከ1935 ጀምሮ በሮም፣ ቀጥሎም በለንደን፣ በፓሪስና በቦምቤይ ሲሠራ ኖሯል። ስለዚህ 1780 የሚለው ቁጥር ብቻውን የዕድሜ ማስረጃ አይሆንም። በየቤቱ የሚገኘው አብዛኛው ጠገራ በኋላ የተሠራ በመሆኑ ዋጋው በውስጡ ካለው የብር ማዕድን ዋጋ እምብዛም አይርቅም።

ሁለተኛው ክብደቱ ነው። እውነተኛው ጠገራ 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከዚህም 23.4 ግራም ገደማው ንጹሕ የብር ማዕድን ነው። ማግኔት ከሳበው ሐሰተኛ መሆኑን ይወቁ። በጠርዙ ዙሪያ «ፍትሕና ርኅራኄ» የሚል ትርጉም ያለው የላቲን ጽሑፍ ጎልቶ መታየት አለበት። የጥንት ነጋዴዎችም በምስሉ ትከሻ ላይ ያሉትን ዕንቁዎች ሳይመረምሩ አይቀበሉም ነበር።

ሦስተኛው ብርቅነቱ ነው። በአፄ ምኒልክ ዘመን ፓሪስ ተሠርቶ የመጣው፣ የንጉሡ ምስልና አንበሳ ያለበት፣ ዓመቱም በግዕዝ ቁጥር የተጻፈው ብር ከተራው ማርትሬዛ ጋር በአንድ ሚዛን አብሮ መሸጥ የለበትም። ለብቻው ተለይቶ ይጠየቅ።

ከዚህም ሌላ አሮጌ ብር በአመድ፣ በሎሚ ወይም በአሸዋ አይፈተግ። ለእኛ ንጽሕና የሚመስለን ፍትጊያ የቅርጹን መልክ ይሸረሽራል፤ ሰብሳቢዎችም ዋጋውን ይቀንሱበታል። ማንጠልጠያ የተበየደበት ብር በሰብሳቢ ዘንድ ዋጋው ዝቅ ቢልም፣ በጌጥነቱ ግን ሌላ ዋጋ ሊኖረው ይችላል።

የመጨረሻው ታሪኩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የአሜሪካዊው ተዋናይ የፖል ኒውማን የእጅ ሰዓት በኒው ዮርክ ጨረታ ከ17 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጧል። ሰዓቱ የወርቅ አልነበረም፤ የብረት ሮሌክስ ነው። ዋጋውን ከፍ ካደረጉት ነገሮች አንዱ ባለቤቱ ስትሰጠው መኪና ሲነዳ እንዲጠነቀቅ የምታሳስብ ቃል ከጀርባው ማስቀረጿ ነው። የማን እንደነበረ መታወቁ ብረቱን ከወርቅ አስበለጠው።

የእኛ ጌጥ በሚሊዮን ይሸጣል ማለታችን አይደለም። ሆኖም ድሪው የማን እንደነበረ፣ በየትኛው ሠርግ እንደተሰጠ አያቶች በሕይወት ሳሉ ጠይቀው በወረቀት ያስፍሩ። አያት ጌጡን አጥልቀው የተነሡት ፎቶግራፍ ካለም አብሮ ይቀመጥ።

መሸጥ ግድ ሲሆን ከአንድ አንጥረኛ በላይ ያማክሩ፤ በፊትዎ ይመዘን፤ ከቤተ ሰብም ጋር ይምከሩ። ቅርስነት ያለውን ዕቃ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተከለከለ መሆኑንም አይርሱ። በር ላይ ቆሞ «አሁኑኑ ካልሸጡልኝ እሄዳለሁ» ለሚል ገዢ መልሱ አንድ ነው፤ ይሂድ። የእናት ጌጥ አንድ ሳምንት ቢቆይ አይበላሽም።