የሻይሎክ ጥምቀት መታየት አለበት

ውድ ወላጆቻችንና የተከበራችሁ ሽማግሌዎች፣

ዘንድሮ ሼክስፒር ከ400 ዓመት በፊት የጻፈውን «የቬኒሱ ነጋዴ» የተባለ ተውኔት ተምረናል። አይሁዳዊው አበዳሪ ሻይሎክ በፍርድ ቤት ከተሸነፈ በኋላ ክርስቲያን እንዲሆን ይፈረድበታል፤ እምቢ ካለ ይሞታል። በድርሰቱ ውስጥ ግን ጥምቀቱ አይታይም። ሻይሎክ ታምሜአለሁ ብሎ ይወጣል፤ የመጨረሻው ክፍል የፍቅረኞች ጨዋታና ሳቅ ነው። ተመልካቹም ሰውየውን ረስቶ ወደ ቤቱ ይገባል።

እ.ኤ.አ. በ2015 ጆናታን መንቢ በለንደኑ ግሎብ ቴአትር ያዘጋጀው ተውኔት እንዲህ አያበቃም። ጆናታን ፕራይስ የተጫወተው ሻይሎክ በመጨረሻ በካቶሊክ ሥርዓት፣ በላቲን ጸሎት ሲጠመቅ ይታያል። ልጁ ጄሲካ በዕብራይስጥ እያዜመች ታለቅሳለች። ጄሲካን የተጫወተችውም የፕራይስ የራሱ ልጅ ናት።

ደራሲው ያልጻፈውን መጨመር አይገባም የሚሉ አሉ። እኛ በዚህ አንስማማም። ፍርዱን የጻፈው ደራሲው ነው፤ አዘጋጁ ያሳየው የፍርዱን አፈጻጸም ነው። «ክርስቲያን ይሁን» የሚለው ቃል ለተናጋሪው ቀላል ነው። በካቶሊክ ትምህርት ግን ጥምቀት አንዴ ከተፈጸመ አይሻርም። ስለዚህ በዚያ ዘመን ሻይሎክ ወደ ምኩራቡ የሚመለስበት መንገድ የለውም።

ይህን የምንለው የማንንም እምነት ለመንቀፍ አይደለም። ቤተ ክርስቲያኗ ራሷ እ.ኤ.አ. በ1965 ማንም ሰው በእምነቱ እንዳይገደድ አውጃለች። ጥምቀት ለሚያምንበት ቅዱስ ነው፤ በግድ ሲሆን ግን ቅጣት ነው።

ይህ ነገር ለእናንተ አዲስ አይደለም። በ15ኛው መቶ ዘመን ዐፄ ይስሐቅ ያልተጠመቀ የአባቱን ርስት እንዳይወርስ እንዳዘዘ ይተረካል። የሻይሎክም ሀብትና ጥምቀት በአንድ ፍርድ የተያያዙ ናቸው። በ19ኛው መቶ ዘመን ደግሞ ሚሲዮናውያን ወደ መንደሮቻችን መጡ። ከወገኖቻችን በእምነታቸው ጸንተው መከራ የተቀበሉ አሉ፤ በችግር ተገፍተው የተጠመቁም አሉ። ስለ ጸኑት በኩራት እንሰማለን። ስለ ተጠመቁት የምንሰማው ግን ጥቂት ነው፤ እሱም ብዙውን ጊዜ ነቀፋ ነው።

ሻይሎክ ሲጠመቅ ካየን በኋላ «ለምን ካዱ?» ብለን መጠየቅ ከበደን። «ምን ደረሰባቸው?» ማለት ይቀድማል ብለን እናምናለን። ስለዚህ እባካችሁ፣ የምታውቁትን ንገሩን። ማን መሬቱን አጣ? ማን እምቢ አለ? ማንስ ልጆቹን ለማብላት ሲል ተጠመቀ? እናንተ ካልነገራችሁን ከማን እንሰማለን?