ያገለገለ ሽጉጥ ለምን ይሸጣል?

«ማካሮቭ ይሻላል ወይስ ቱርክ?»

ይሄን ጥያቄ በቅርቡ ከሦስት የተለያዩ ሰዎች ሰምቻለሁ። አንዱ ከአዳሚ ቱሉ ወደ አዳማ ሽንኩርት የሚያመላልስ ነጋዴ ነው። አንዱ ባቱ ላይ ሞባይል ቤት አለው። ሦስተኛው ምንም ንግድ የለውም፣ ግን ማታ ማታ ይፈራል። ሦስቱም ወንበዴዎች አይደሉም። የሚያወሩትም ልክ ያገለገለ ስልክ እንደሚፈልግ ሰው ነው፦ ትንሽ ትሁን፣ ወገብ ላይ አትታይ፣ ዋጋዋ አይወደድ፣ «ብዙ ያልተተኮሰባት» ትሁን።

የመሣሪያ ባለሙያ አይደለሁም፣ የተማርኩት ኢኮኖሚክስ ነው። ግን ስለ ያገለገለ ዕቃ ገበያ ኢኮኖሚክስ የሚለው ነገር አለው፣ እሱም «የትኛው ይሻላል?» ከሚለው ጥያቄ በፊት ሌላ ጥያቄ እንድንጠይቅ ያደርገናል። ሰውዬው ሽጉጡን ለምን ይሸጣል?

ጆርጅ አከርሎፍ የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ ያገለገሉ መኪኖች ገበያ አንድ ጽሑፍ አሳተመ። በ2001 የኖቤል ሽልማት ከተጋሩት ሦስት ኢኮኖሚስቶች አንዱ እሱ ነበር። አሜሪካኖች ጉዱ ተደብቆ የተሸጠ መኪናን «ሎሚ» ይሉታል። (እኛ ጋ ሎሚ ለጥምቀት ለቆንጆ ነው የሚወረወረው፣ እነሱ ጋ ስድብ ሆኗል።) ሐሳቡ ቀላል ነው። ሻጭ የመኪናውን ችግር ያውቃል፣ ገዢ አያውቅም። ገዢው ስለማያውቅ ለጥሩውም ለመጥፎውም መካከለኛ ዋጋ ይሰጣል። በዚህ ዋጋ ጥሩ መኪና ያለው አይሸጥም፣ ይዞ ይቀመጣል። ገበያው ላይ የሚቀረው ሎሚው ነው።

መኪና ላይ ግን መከላከያ አለ። ቪትዝ ስትገዛ ሊብሬ ታያለህ፣ ቦሎ ታያለህ፣ መካኒክ ይዘህ ትሄዳለህ፣ ትነዳዋለህ፣ ውል ትዋዋላለህ። ሻጩ ቢያጭበረብርህ ፍርድ ቤት አለ። በድብቅ የሚሸጥ ሽጉጥ ላይ ከእነዚህ አንዱም የለም። ተኩሰህ አትሞክረውም። የትም አልተመዘገበም፣ ተመዝግቦ ከሆነም በሌላ ሰው ስም ነው። ቢያታልሉህ ለማን ትከሳለህ? «ሕገወጥ ሽጉጥ ሸጦልኝ አልሠራም» ብለህ ጣቢያ ልትሄድ ነው? የአከርሎፍን ሐሳብ ለማስተማር ከዚህ የተሻለ ገበያ ያለ አይመስለኝም።

እስቲ ሻጩን እናስበው። በሕጋዊ ፈቃድ የያዘ ሰው ንብረቱን በጓሮ በር የሚሸጥበት ምክንያት የለውም። ፈቃዱ የሰውዬው ነው እንጂ የዕቃው አይደለም፣ ሽጉጡ ጠፍቶ ቢገኝ የሚጠየቀው እሱ ነው። ስለዚህ ይሄኛው አይሸጥልህም። ብር የቸገረው ሊሸጥ ይችላል፣ እሺ። ሽጉጡ እየከሸፈ ያስቸገረው ይሸጣል። ከሁሉም በላይ ግን ቶሎ መሸጥ የሚፈልገው፣ ዋጋም የሚቀንሰው፣ በሽጉጡ አንድ ነገር የሠራ ሰው ነው። «ርካሽ አገኘሁ» ብለህ ስትደሰት ያ ቅናሽ ከየት እንደመጣ አስበው።

ማንኛውም ሽጉጥ በጥይቱና በቀለሁ ላይ የራሱን ጭረት ይተዋል። የፎረንሲክ ምርመራ የሚሠራው በዚህ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት ሌላ ከተማ ሰው የተገደለበት ሽጉጥ ዛሬ አንተ ወገብ ላይ ቢገኝ፣ «እኔ የገዛሁት በቅርቡ ነው» የሚለው ቃልህ ምን ደረሰኝ አለው? ስልክ ስትገዛ «የተሰረቀ እንዳይሆን» ብለህ ካርቶኑን ትጠይቃለህ። ሽጉጥ ካርቶን የለውም።

ከዚያ ደግሞ «ቱርክ» የሚሉት አለ። ከቱርክ የሚወጣው ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ትክክለኛ ሽጉጥ የሚሠሩ ፋብሪካዎች አሉ፣ ከዚያ ውጪ ደግሞ ድምፅ ብቻ እንዲያሰሙ፣ ባዶ ጥይት እንዲተኩሱ የሚሠሩ አሉ። እነዚህ ሁለተኞቹ በየአገሩ በእጅ ሥራ እየተለወጡ እውነተኛ ጥይት እንዲተኩሱ ይደረጋል። ብዙዎቹ የተሠሩት ከዚንክ ቅይጥ ነው። የእውነተኛ ጥይትን ግፊት እንዲችሉ የታሰቡ ስላልሆኑ የተኳሹ እጅ ላይ ሊፈነዱ ይችላሉ። ነገሩ የኛ ብቻ ችግር እንዳይመስልህ፤ እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2025 ከእነዚህ የቱርክ ሽጉጦች አራት ዓይነቶችን ሰው ያለ ክስ ለፖሊስ እንዲያስረክብ የምሕረት ጊዜ ሰጥታ ነበር። ከውጪ ሲያዩት ደግሞ ከእውነተኛው መለየት ከባድ ነው። ወገብ ላይ የማይታይ ትንሽ ሽጉጥ በርካሽ ስትፈልግ ብዙ ጊዜ የምትገናኘው ከዚህ ዕቃ ጋር ነው።

ማካሮቭስ? ማካሮቭ እ.ኤ.አ. ከ1951 ጀምሮ የሶቪየት ጦር የታጠቀው ነው፣ ስምንት ጥይት ይይዛል፣ ጠንካራ የሚባል ዕቃ ነው። ግን አንድ ማካሮቭ ከ30 እና ከ40 ዓመት በፊት በማን እጅ እንደነበረ፣ ከየትኛው ግምጃ ቤት እንደወጣ አስብ። ጠንካራ ስለሆነ ነው እኮ ታሪኩም የረዘመው።

አሁን ወደ መያዙ እንምጣ። «ሽጉጥ» የሚለው ቃል ራሱ ከመሸጎጥ የመጣ ነው፣ ቋንቋችን መሣሪያውን የሰየመው በመደበቁ ነው። ችግሩ እኛ አገር መሸጎጥ የሚቻለው የት ነው? አሜሪካ ውስጥ ሰዎች ለዕለት ተዕለት የሚመች ትንሽ ሽጉጥ ሲመርጡ፣ ጠዋት ታጥቀው ወጥተው ማታ እስኪገቡ እንደያዙት መዋል ያስባሉ። አንተ ግን ባንክ ስትገባ ትፈተሻለህ። ሆቴል፣ ስብሰባ፣ መሥሪያ ቤት ስትገባ ትፈተሻለህ። ከአዳሚ ቱሉ አዳማ እስክትደርስ ኬላ ላይ «ውረዱ» ልትባል ትችላለህ። ስለዚህ ሽጉጡ በቀን አምስቴ ከወገብህ ወጥቶ አንድ ቦታ ይቀመጣል፦ መኪና ወንበር ስር፣ ሱቅ መሳቢያ ውስጥ፣ ጓደኛ ቤት፣ ልጆች በሚጫወቱበት ቁም ሣጥን ውስጥ። ሰውዬው የሚፈራው መንገድ ላይ ሲደርስ ሽጉጡ ሌላ ቦታ ነው።

ሕጉንም አንርሳ። በ2012 ዓ.ም የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 አለ። ያለ ፈቃድ መያዝም፣ መሸጥም፣ መግዛትም ወንጀል ነው። «ለራሴ መከላከያ ነው» የሚለው ምክንያት ፈቃድን አይተካም።

የሪፍት ቫሊ ሰው በደንብ የሚያውቀው ግን ከአዋጁም በላይ ሌላ ነገር ነው። እዚህ አካባቢ ያልተመዘገበ ሽጉጥ የያዘ ወጣት ሲገኝ ማን ነው የሚባለው? ጸጥታ አስከባሪው ሲያገኘው «ሸኔ» ነው። ጫካ ያለው ሲያገኘው «የመንግሥት ሰው» ነው። ሽንኩርት ነጋዴ መሆኑ ለሁለቱም አይታያቸውም። ባዶ እጁን ቢያዝ ብር ይጠየቅ የነበረ ሰው፣ ሽጉጥ ስለተገኘበት ብቻ ከብር ያለፈ ነገር ሊጠየቅ ይችላል። እኔ ይሄን ከሁሉም ወጪዎች ትልቁ ወጪ ነው የምለው፣ ሻጩም ዋጋ ላይ አይደምረውም።

«እና እጄን አጣጥፌ ልጠብቅ?» የሚለኝ ሰው ትክክል ነው። ፍርሃቱ ፈጠራ አይደለም። ሰኔ 2016 ዓ.ም ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ የነበሩ ተማሪዎችና ሌሎች ተሳፋሪዎች ገብረ ጉራቻ አካባቢ ከአውቶቡስ ወርደው ታገቱ፣ በጊዜው የወጡት ዘገባዎች ቁጥራቸውን ከመቶ በላይ አድርሰውታል። ቤተሰቦች በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ብር ተጠየቁ። ከዚያ በኋላ ማንም መንገደኛ ስልኩ ቻርጅ ላይ ሆኖ እንኳ ሳይዘጋጅ አይወጣም።

ግን እዚያ አውቶቡስ ውስጥ አንድ ሽጉጥ ቢኖር ምን ይሠራ ነበር? አጋቾች የሚመጡት ክላሽ ይዘው ነው፣ ብዙ ሆነው ነው፣ ቦታውን መርጠው ነው። ክላሽ ከ300 ሜትር ይደርስብሃል። ትንሽ ሽጉጥ በደነገጠ እጅ ከአሥር ሜትር ውጪ መሳት ነው። የመጀመሪያው ተኩስ ከተሳፋሪ በኩል ከመጣ ደግሞ የሚሞተው ተኳሹ ብቻ አይደለም፣ አጠገቡ የተቀመጠችው እናትም ናት።

እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ አንድ የፊላዴልፊያ ጥናት ላይ መሣሪያ የያዙ ሰዎች በጥቃት ጊዜ በጥይት የመመታት ዕድላቸው ካልያዙት 4.46 እጥፍ ሆኖ ተገኝቷል። ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው ወዲያው «ቆይ፣ ምናልባት መጀመሪያውኑ አደጋ ያለበት ሰው ይሆናል መሣሪያ የሚይዘው» ይላል። ልክ ነው፣ አጥኚዎቹ ይሄን ለማስተካከል ቢሞክሩም ጥርጣሬው ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ፊላዴልፊያም ባቱ አይደለችም። ቢሆንም ቁጥሩ «ከያዝኩ ሰላም ነኝ» የሚለውን እምነት አይደግፍም። እሱ ይበቃኛል።

የሽንኩርቱን ነጋዴ ብንወስድ፣ ሌባ የሚስበው በእጁ ያለው ጥሬ ብር ነው። ቲማቲምና ሽንኩርት በሌሊት ይጫናል፣ ጎህ ሳይቀድ ይሸጣል፣ ደላላው፣ ጫኙ፣ የቀን ሠራተኛው፣ ናፍጣው፣ ሁሉም «ጥሬ ብር» ይላል። ስለዚህ ሰውዬው በጨለማ ብዙ ብር ተሸክሞ ይሄዳል። ለሽጉጥ የሚያወጣውን ገንዘብ፣ እንበል 100 ሺህ ብር ይሁን፣ ይሄን ለመቀነስ ቢያወጣው ምን ያገኛል? ቴሌብር ከ2013፣ ኤም-ፔሳ ከ2015 ጀምሮ አለ። የመቂ ባቱ የአትክልትና ፍራፍሬ አምራቾች ዩኒየን ዓይነት ማኅበራት አሉ፣ በማኅበር የሸጠ ገበሬ ብሩን በሒሳቡ መቀበል ይችላል። የጫኝና አውራጁን ክፍያ በስልክ ለማድረግ ትንሽ ጭማሪ ብትከፍላቸው እንኳ ይሻላል። ሁለት ሦስት ሆኖ መጫን፣ ነግቶ መንቀሳቀስ፣ ብርና ሰው አንድ መኪና ላይ አለማድረግ፣ እነዚህ አሰልቺ ነገሮች ናቸው፣ ማንም ጓደኛው ፊት አይፎክርባቸውም።

ይሄም ሙሉ መፍትሔ አይደለም። አጋች ዛሬ «ወደዚህ ቁጥር አስተላልፍ» ይላል፣ ቀማኛም ስልክህን አስከፍቶ ሊያስልክህ ይችላል። ስለዚህ ዋናው ሒሳብ በትንሽ ብር ብቻ ከሚሠራው ስልክ ሌላ ቦታ፣ ሌላ ሰው ጭምር የሚያንቀሳቅሰው ቢሆን ይመረጣል። አጋች የሚይዘው ግን ሰውን ነው፣ ሰው ደግሞ ቴሌብር ውስጥ አይገባም። እዚህ ላይ የግለሰብ ብልሃት ያልቃል፣ የመንግሥት ሥራ ይጀምራል። ከሞጆ እስከ ባቱ የፍጥነት መንገድ ከፍቶ ክፍያ የሚሰበስብ መንግሥት መንገዱን በሌሊትም የመጠበቅ ግዴታ አለበት። ግብር የምንከፍለው አስፋልቱ ላይ ብቻ አይደለም።

ፈቃዱም ላይ ቅሬታ አለኝ። ከጠየቅኳቸው እኩዮቼ ውስጥ ለአንድ ሽጉጥ ፈቃድ ምን ምን እንደሚያስፈልግ፣ ማመልከቻው የት እንደሚገባ፣ መልሱ በስንት ቀን እንደሚመጣ የሚያውቅ አንድም አላገኘሁም። ሕገወጡን የት እንደሚያገኙት ግን ያውቃሉ፣ ወይም የሚያውቅ ያውቃሉ። ሕጋዊው በር የት እንዳለ የማይታይ ከሆነ ሰው በጓሮ መግባቱ ሊገርመን አይገባም። መስፈርቱ በየወረዳው ፖሊስ ጽሕፈት ቤት በር ላይ፣ በኦሮምኛም በአማርኛም ይለጠፍ። ጊዜ ገደብ ይኑረው። የተከለከለ ሰው ለምን እንደተከለከለ በጽሑፍ ይነገረው። ያገኘ ደግሞ ሳይሠለጥንና ሳይፈተን አይውሰድ። እኔ ብዙ ሰው እንዲያገኝ አልፈልግም፣ ብዙ ሰው «አይሆንም» ተብሎ ምክንያቱን ቢያውቅ ግን ደስ ይለኛል።

አንድ የቀረ ነገር አለ። መግዛት ሳያስቡ ሽጉጥ ቤታቸው ያለ ልጆች አሉ፣ አባት ወይም አያት ትተውት ያለፉት፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ ሣጥን ሥር ያለ። ይሄን «ማን ይጠይቀኛል» ብሎ መሸጥ ከላይ ያልነው ሻጭ መሆን ነው። ወስዶ መታጠቅም ያው ወንጀል ነው። አሮጌ ጥይት ያለበትን መሣሪያ እየነካኩ ማጽዳትም አያስፈልግም። ጠበቃ አማክሩ፣ የሰፈር ሽማግሌ ያዙ፣ መሣሪያውን ተሸክማችሁ ሳይሆን መጀመሪያ እናንተ ብቻችሁን ፖሊስ ጣቢያ ሄዳችሁ እንዴት እንደሚረከቡ ጠይቁ፣ ስታስረክቡም የመለያ ቁጥሩ የተጻፈበት ማረጋገጫ ተቀበሉ።